ፕሮጀክተር ከመግዛታችሁ በፊት ክፍሉን ለኩ

በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖች፣ ለቤት ፊልምም ይሁን ለማኅበር ስብሰባ፣ ለልጆች የፊደል ትምህርትም ይሁን ለሥራ ገለጻ ፕሮጀክተር ለመግዛት አስባችሁ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር አትጀምሩ። መነሻው ክፍሉ ነው። ሜትር ያዙና ምስሉ የሚያርፍበትን ግድግዳ ስፋት፣ ፕሮጀክተሩ ከሚቀመጥበት ቦታ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት፣ የመጨረሻው ተመልካች የሚቀመጥበትን ርቀት ለኩና ጻፉ። ከዚያም ዕቃውን በምትጠቀሙበት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ ግድግዳው ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያርፍ እዩ። ይህ ሳይታወቅ የተገዛ ፕሮጀክተር፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ብርሃኑን አጥብቄ የማነሣው ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም መሥራት ስለማይችል ነው። ብርሃን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጥቁር ሆኖ መታየት ያለበት ቦታ፣ ግድግዳው በክፍሉ መብራት ከሚታየው በላይ ሊጠቁር አይችልም። በሒሳብ እንየው። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 100 ኢንች የሆነ፣ የወርዱና የቁመቱ ምጣኔ 16 በ9 የሆነ ምስል ወርዱ 2.21 ሜትር፣ ቁመቱ 1.25 ሜትር ነው፤ ሲባዛ ወደ 2.76 ካሬ ሜትር ይመጣል። ሉመን ፕሮጀክተሩ የሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው፤ ሉክስ ደግሞ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው። እውነተኛ 3000 ሉመን የሚሰጥ ፕሮጀክተር በዚህ ላይ ሲያበራ በየቦታው ወደ 1090 ሉክስ ይደርሳል። የክፍሉ መብራት በግድግዳው ላይ 300 ሉክስ የሚጥል ከሆነ ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው 4.6 እጥፍ ብቻ ነው፤ ጽሑፍ እንደ ጉም ይታያል፣ የፊልም ጨለማ ትዕይንት ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ያው ፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ 20 ሉክስ ብቻ ባለበት ክፍል ወደ 55 እጥፍ ይሰጣል። ዕቃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክፍሉ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁን ሉመን ራሳችሁ አስሉት። የምትፈልጉትን የነጭና የጥቁር ልዩነት ያዙ፤ ለጽሑፍና ለገለጻ 15 እጥፍ ደህና ነው፣ ለፊልም 80 ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ላይ 1 ቀንሱ፣ በግድግዳው ላይ ባለው ሉክስ አባዙ፣ በምስሉ ስፋት በካሬ ሜትር አባዙ። ሉክሱን ለመለካት የስልክ መተግበሪያ ይበቃል፤ የስልኩን ጀርባ ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ ፊቱን ወደ ክፍሉ አዙሩትና አንብቡ። ቁጥሩ ግምታዊ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አያንስም። ለምሳሌ ለአዳራሽ 150 ኢንች ምስል ፈልጋችሁ ስፋቱ 6.2 ካሬ ሜትር ቢሆንና ግድግዳው ላይ 100 ሉክስ ቢያርፍ 14 በ100 በ6.2፣ ማለትም ወደ 8700 ሉመን ያስፈልጋል። ይህ ትልቅና ውድ ዕቃ ነው። ነገር ግን ከስክሪኑ ፊት ለፊት ያሉትን መብራቶች ብቻ አጥፍታችሁ 30 ሉክስ ብታደርሱት 2600 ሉመን ይበቃል። የአዳራሹን መብራት በረድፍ በረድፍ ማጥፋት ይቻል እንደሆነ ከአከራዩ መጠየቅ የሚያድነው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ለቤትም ቢሆን ጥሩ መጋረጃ ከ1000 ተጨማሪ ሉመን ይሻላል ባይ ነኝ።

ባሰላችሁት ቁጥር ላይ ግን ሲሶ ያህል ጨምሩ። አምራቾች የሚጽፉት ሉመን በደማቁ አሠራር የተለካ ነው፤ በዚያ አሠራር የሰው ፊት ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ይመስላል። ቀለሙ ወደሚያምረው የፊልም አሠራር ስትመልሱት ብርሃኑ በደንብ ይቀንሳል። አምፖሉም እያደር ይደክማል። አምፖሉ ይቆያል የሚባለው ሰዓት ራሱ ብርሃኑ በግማሽ እስኪቀንስ ያለው ጊዜ ነው፤ እስኪቃጠል ያለው አይደለም።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንምጣ። ሉመን የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። አንሲ (ANSI) ሉመን ወይም አይኤስኦ (ISO) ሉመን የሚል ከሆነ ስክሪኑ ላይ የደረሰው ብርሃን በዘጠኝ ቦታ ተለክቶ የተገኘ አማካይ ነው። በኦንላይን የሚሸጡ ትንንሽ ርካሽ ፕሮጀክተሮች 9000፣ 12000 ሉመን ብለው የሚጽፉት ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከታች ወይም ከኋላ ባለው መለያ ላይ ዕቃው የሚወስደውን ዋት ፈልጉና ሉመኑን ለዋቱ አካፍሉ። ደህና የሚባሉት ዕቃዎች በአንድ ዋት ከ10 እስከ 20 ሉመን አካባቢ ይሰጣሉ። ከ30 በላይ ካለፈ ተጠራጠሩ። 70 ዋት እየወሰደ 9000 ሉመን እሰጣለሁ የሚል ዕቃ በዋት 128 ሉመን ሰጠሁ ማለቱ ነው፤ ይህ በሌንስና ምስሉን በሚሠራው ትንሽ ሰሌዳ በኩል አልፎ በሚወጣ ብርሃን የማይሆን ነገር ነው። ካርቶኑ ላይ በሺሕና በሚሊዮን የሚጻፈውን ኮንትራስት፣ ማለትም የነጭና የጥቁር ልዩነት፣ እለፉት፤ ጭልም ባለ ክፍል ካልሆነ በስተቀር የሚወስነው ከላይ ያሰላነው ነው።

የምስል ጥራቱም ላይ እንዲሁ ተንኮል አለ። 1080 ይደግፋል ማለት የ1080 ምስል ይቀበላል ማለት ነው፤ የሚያሳየው ግን በራሱ ሰሌዳ ላይ ባሉት ነጥቦች (ፒክሰሎች) ልክ ነው። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ 800 በ480 ወይም 1280 በ720 ናቸው። መጠየቅ ያለበት የዕቃው የራሱ ሪዞሉሽን ስንት እንደሆነ ነው። በ100 ኢንች ምስል ላይ የ800ው አንድ ነጥብ 2.8 ሚሊሜትር ገደማ፣ የ1280ው 1.7፣ የ1920ው 1.15 ሚሊሜትር ይሆናል። ጤናማ ዓይን በ4 ሜትር ርቀት መለየት የሚችለው ትንሹ ነገር 1.15 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከ4 ሜትር በላይ ርቃችሁ የምትቀመጡ ከሆነ 1920 በ1080 ይበቃችኋል፤ ነጥቦቹ ከዚህ አራት እጥፍ ለሆኑት ለ4ኬ የምትከፍሉትን ለተሻለ ብርሃንና ለስክሪን አውሉት። ቀርባችሁ፣ በ2.5 ሜትር የምታዩ ከሆነ ግን 4ኬው ይታያል።

አማርኛ የምታሳዩ ከሆነ ደግሞ በዚህ ነገር ላይ አትቆጥቡ። የእኛ ፊደል የሚለየው በጥቃቅን ቅጥያ ነው። ሉ እና ሊ ተመልከቱ፦ አንደኛው ቅጥያው ከጎኑ መሐል ላይ ነው፣ ሌላኛው ከእግሩ ግርጌ። ነጥቡ በተጋነነ ምስል ላይ ያቺ ቅጥያ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ሆና ከግንዱ ጋር ትዋሐዳለች፤ አንባቢውም በግምት ያነባል። ለላቲን ፊደል የሚመከረው የፊደል ቁመት ከተመልካቹ ርቀት 1/180 አካባቢ ቢሆንም ለግዕዝ ፊደል 1/120 ብትይዙ ይሻላል። የመጨረሻው ረድፍ በ9 ሜትር ከሆነ የፊደሉ ቁመት 7.5 ሴንቲሜትር ማለት ነው፤ በ100 ኢንች ምስል ላይ ከ8 መስመር በላይ አትጻፉ። ቀጭን ቅርጽ ያለውን ፎንት ተዉትና ወፈር ያለውን ምረጡ።

ርቀቱን የሚወስነው የሌንሱ ምጣኔ ነው፤ የርቀቱ መጠን ለምስሉ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። 1.5 የሚል ሌንስ 2.21 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ለማውጣት 3.3 ሜትር ይፈልጋል። ክፍላችሁ ጠባብ ከሆነ 0.5 አካባቢ ያለውን አጭር ርቀት፣ ግድግዳው ሥር የምታስቀምጡ ከሆነ ደግሞ 0.25 አካባቢ ያለውን ፈልጉ። በኪራይ ቤት ጣሪያ መብሳት ለማይፈቀድላቸው ይህ የመጨረሻው ዓይነት ምቹ ነው። ነገር ግን ብርሃኑ ወደ ላይ ሾልኮ ስለሚመታ ትንሽ የተሸበሸበ ስክሪን እንኳ ምስሉን እንደ ማዕበል ያደርገዋል፤ የሚጠቀለል ስክሪን አይሆነውም። ለእሱ የተሠራውን ወጥሮ የሚይዝ ስክሪን ግዙ። ያንን ስክሪን ደግሞ ለተራ ፕሮጀክተር አትጠቀሙበት፤ ከታች ሳይሆን ከፊት ለፊት የሚመጣውን ብርሃን በአግባቡ አይመልስም።

ብዙ ፕሮጀክተር ምስሉን ከሌንሱ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወጣው። ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ምስሉ ጣሪያ ይነካል፤ ገልብጣችሁ ሰቅላችሁ በሜኑው ውስጥ ምስሉን ማዞር አለባችሁ። ብዙዎች ይህን በኪስቶን ሊያስተካክሉት ይሞክራሉ። ኪስቶን የተዛባውን ምስል የሚያቃናው ነጥቦችን በመጣል ነው፤ ከ1920ው የተወሰነው ይባክናል፣ ፊደሉም ይደበዝዛል፣ በምስሉ ዙሪያም ግራጫ ክፈፍ ይቀራል። ሌንሱን በራሱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትት ዓይነት ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ ምስሉን ሳይነካ ቦታውን ይለውጣል።

በአሠራር ዲኤልፒ የሚባለው በጥቃቅን መስታወቶች ይሠራል፤ ጥርት ያለ ነው፣ አቧራም ብዙ አይገባውም። አንድ ሰሌዳ ብቻ ያለውና በሚዞር የቀለም ጎማ የሚሠራው ግን አንዳንድ ሰው ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ የቀስተ ደመና ብልጭታ ያሳየዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ አስከፍታችሁ ዓይናችሁን ወዲያ ወዲህ አድርጉ፤ የቤተሰቡ ሰዎችም ይሞክሩ። ብርሃን የሚያሳልፉ ሦስት የኤልሲዲ ሰሌዳዎች ያሉት ዓይነት ይህ ብልጭታ የለውም፣ ቀለሙም ከነጩ እኩል ይደምቃል፤ የአየር ማጣሪያው ግን በየጊዜው መጽዳት አለበት። ማጣሪያው ሲደፈን ሙቀቱ ይጨምርና ዕቃው በመሐል ይጠፋል።

የአምፖል ፕሮጀክተር ሲገዙት ይረክሳል፤ አምፖሉ ግን እንደ አሠራሩ ከ3000 እስከ 6000 ሰዓት ገደማ ቆይቶ መለወጥ አለበት፣ ሜርኩሪም ስላለበት ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም። ሌዘርና ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ 20000 ሰዓት ይባልላቸዋል። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ለሚጠቀም ማኅበር አምፖሉ ዓመታት ይበቃዋል፤ በየምሽቱ ለሚያይ ቤተሰብ ግን ሌዘሩ ያዋጣል። አምፖል ያለውን ካጠፋችሁ በኋላ ማራገቢያው እስኪቆም ሶኬቱን አትንቀሉ።

ከአገር ወደ አገር ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ መለያው ላይ 100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል መኖሩን አረጋግጡ፤ ካለ የሶኬት አስማሚ ብቻ ይበቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 ሜትር ገደማ በሚበልጥ ቦታ የሚሠራ ከሆነ በሜኑው ውስጥ ያለውን የከፍታ አሠራር አብሩ። ሳሳ ያለ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ ያ አሠራር ማራገቢያውን ያፈጥነዋል፣ ድምፁ ቢጨምርም ዕቃውን ያድናል። ባትሪ ያለው ትንሽ ፕሮጀክተር ከሆነ የባትሪውን ዋት-ሰዓት እዩ፦ እስከ 100 ያለው በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ ይያዛል፣ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ዋስትናውም ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተገዛበት አገር ብቻ ነው፤ የአምፖሉ ዋስትና ደግሞ ለብቻውና አጭር ነው። ሁለቱንም በጽሑፍ አንብቡ።

የፊልም መተግበሪያዎች የስልኩን ገጽ ወደ ፕሮጀክተር ስታስተላልፉ ድምፅ ብቻ ሰጥተው ምስሉን የሚያጠቁሩት በቅጂ ጥበቃ ምክንያት ነው፤ ዕቃው ስለተበላሸ አይደለም። ኤችዲኤምአይ በሚባለው የምስልና የድምፅ ቀዳዳ የሚሰካ፣ ራሱን የቻለ የፊልም ማጫወቻ ይህን ይፈታል። ዩኤስቢ-ሲ ያለው ላፕቶፕ ሁሉ ምስል አይሰጥም፤ ቀዳዳው ምስል የሚያስተላልፍ መሆኑን መጀመሪያ እዩ። ገመዱ ከ10 ሜትር በላይ ከረዘመ ተራ ኤችዲኤምአይ ምስሉን ሊያቆራርጥ ይችላል፣ ምልክቱን በብርሃን የሚያስተላልፈውን የፋይበር ዓይነት ግዙ፤ ይህ አቅጣጫ ስላለው፣ ማለትም አንዱ ጫፍ ለላኪው ሌላው ለፕሮጀክተሩ ስለሆነ፣ ግድግዳ ውስጥ ከመቅበራችሁ በፊት ሰክታችሁ ሞክሩ። በውስጡ ያለው ድምፅ ማጉያ ለአዳራሽ አይበቃም። በብሉቱዝ ድምፅ ስትልኩ ቃሉ ከከንፈሩ ኋላ ስለሚቀር በገመድ አድርጉት።

ያገለገለ ከገዛችሁ ሻጩ ፊት በሜኑው ውስጥ የአምፖሉን ሰዓት አስነብቡ። ከዚያ ሙሉ ጥቁር ምስል አስከፍቱ፤ በዲኤልፒ ላይ ነጭ ነጠብጣቦች ከታዩ መስታወቶቹ መሞት ጀምረዋል፣ እያደርም ይበዛሉ። ሙሉ ነጭ ምስል አስከፍታችሁ በኤልሲዲ ላይ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ጥላ ካያችሁ ሰሌዳው በሙቀት ተጎድቷል፤ ጥገናው ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ቀጥሎ ትንንሽ ጽሑፍ የሞላበት ገጽ አውጡና መሐሉን አጥርታችሁ አራቱን ማዕዘኖች አንብቡ።

አዲስ ቢሆንም መመለስ በሚቻልባቸው ቀናት ውስጥ ሁለት ሰዓት ሳታጠፉ አሠሩት፤ የሙቀት ችግር ያለበት ዕቃ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ ነው የሚገለጠው። እስከዚያው ካርቶኑንና በውስጡ ያለውን መያዣ ፎም አትጣሉ።