«ውኃው ያጎላልሃል» ሲሏችሁ አትመኑ

ባለፈው አንድ ልጅ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ኤይላት የዳይቪንግ ኮርስ ልጀምር ነው። መነጽሬ ማይነስ 5 ነው። የመጀመሪያ ዕቃዬን ከየቱ ልጀምር?» ይላል። (ኤይላት ቀይ ባሕር ዳር ያለች የእስራኤል ከተማ ናት፤ ዳይቪንግ ደግሞ አየር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ነው።) ከሥሩ የፊንስ (እግር ላይ የሚደረገው የመዋኛ ክንፍ) እና የውኃ ውስጥ ካሜራ ፎቶ አያይዟል። ለዚህ ሁለት መስመር መልስ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ማይነስ 5፣ ማለትም ሩቁን አጥርቶ የማያይ ዓይን፣ የእኔም ቁጥር ነው፤ ሳየው አንድ የቆየ ነገር ተቀሰቀሰብኝና ይኸው ደብዳቤ ሆነ።

ሥራዬ መነጽር ነው። ቤር ሼቫ ውስጥ ዓይን ስለካና ሌንስ ስገጥም ነው የኖርኩት። እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ስንመጣ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እኛ አገር ውኃ ማለት ወንዝ ነው፤ ወንዝ ደግሞ ክረምት ላይ ሰው ስለሚወስድ እናቴ አጠገቡ አታስደርሰንም ነበር። ጠላቂ እሆናለሁ ብሎ የገመተ ማንም የለም።

ያስገባኝ አንድ የሠራዊት ጓደኛዬ ነው። ሃያዎቹ ውስጥ ነበርን። እሱ ኮርሱን ጨርሶ ስለ ቀይ ባሕር ሲያወራ አፉ አይዘጋም። በተለይ ስለ ጋርደን ኢሎች። ቀጫጭን ዓሦች ናቸው፤ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ሠርተው ጅራታቸውን እዚያ ቀብረው፣ ግማሽ አካላታቸውን አውጥተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የውኃው ሞገድ የሚያመጣላቸውን ጥቃቅን ምግብ እየለቀሙ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ይወዛወዛሉ። «ነፋስ የገባበት የጤፍ ማሳ ነው የሚመስለው» አለኝ። ጤፍ ያየነው ሁለታችንም በልጅነታችን ስለሆነ ነገሩ ልቤ ውስጥ ቀረ። ይዘኸኝ ሂድ አልኩት።

ሄድን። ዕቃ የሚያከራየው ሰው ከባልዲ ውስጥ አንድ ማስክ፣ ማለት ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነውን ባለመስታወት የመጥለቂያ ጭንብል፣ አውጥቶ ሰጠኝ። መነጽሬንስ ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኩ። እንደምታውቁት መነጽር አድርጎ ማስክ ማጥለቅ አይቻልም፤ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ዘንግ የሲሊኮኑን ጠርዝ ከፊት ላይ ስለሚያነሳው ውኃ ያስገባል። ሰውዬው ሳቀና «አትጨነቅ፣ ውኃው ሁሉንም ነገር ያጎላልሃል» አለኝ። መነጽሬን ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ ባሕሩ ዳር ተውኩት።

አስተማሪው ክንዴን ይዞ አወረደኝ። ትዝ የሚለኝ ሰማያዊ ብቻ ነው። ሰማያዊ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ ነገር፣ አልፎ አልፎ ብርቱካናማ ሽውታ። ጓደኛዬ ከፊት ሆኖ በጣቱ ወደ አሸዋው ይጠቁማል። አየሁ፤ አሸዋ ነው። እንደገና ጠቆመ። ጠጋ ልል ስል ሁለቱም ያዙኝ፤ ለካ ጋርደን ኢል ሰው ሲቀርበው ስምጥ ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ነገሩን አስቡት እንግዲህ። ከሩቅ ሆኜ አይታዩኝም፤ ስቀርብ ደግሞ አይኖሩም። አስተማሪው በእጁ «ደህና ነህ?» ብሎ ምልክት ሰጠኝ፣ እኔም ደህና ነኝ ብዬ መለስኩ፤ ጓደኛዬ ይህንን አይቶ ያየሁ መሰለው። ከወጣን በኋላ በደስታ አቀፈኝ። ምን ልበለው? ዝም አልኩ። ዳይቪንግ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይደለም ብዬ ለብዙ ዓመት ተውኩት።

ኋላ ኦፕቲክስ ስማር፣ መምህሯ ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ እንዴት እንደሚታጠፍ ሰሌዳ ላይ ስትሥል ያ ባልዲ ትዝ አለኝና ደብተሬ ጠርዝ ላይ አሰላሁት። በጠፍጣፋ የማስክ መስታወት ሲታይ ውኃ ውስጥ ያለ ነገር ከእውነተኛው ርቀቱ በሩብ ያህል ቀርቦ፣ በሲሶ ያህል ጎልቶ ይታያል። ሰውዬው እስከዚህ ድረስ አልዋሸም። ግን ማይነስ 5 የሆነ ሰው ያለ መነጽር ጥርት አድርጎ የሚያየው እስከ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ውኃው ቢያግዘው ወደ 27 ሳንቲሜትር ነው የሚያደርስለት። ሃያ ሰባት! የብዥታው መጠን ጎላ እንጂ ብዥታው አልጠፋም። ማይነስ 1 አካባቢ ላለ ሰው ምክሩ ያስኬዳል። ከዚያ በላይ ለሆነ ግን ገንዘብ ከፍሎ ሰማያዊ ግድግዳ ማየት ነው። ይህንን ምክር ዛሬም የሚሰጡ አሉ።

የዓይን ቁጥር የተሠራበት ማስክ አድርጌ እዚያው ቦታ የተመለስኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው። ኢሎቹ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሆን ተብሎ የተሰመጠችውን የባሕር ኃይል መርከብ ሳቲልንም፣ ላይዋ ላይ የበቀለውን ኮራል አንድ በአንድ አየሁ። ጓደኛዬ ግን በዚያን ጊዜ ካናዳ ገብቷል፤ ጆሮውን ታሞም መጥለቅ ትቷል። የሚቆጨኝ እሱ ነው። አብረን አላየናቸውም።

ወደ ዕቃው ልምጣ። መጀመሪያ የሚገዛው ማስክ ነው። ሌላውን ተከራዩ። ቢሲዲ (አየር የሚሞላው ጃኬት)፣ ሬጉሌተር (አፍ ላይ የሚደረገው መተንፈሻ)፣ የአየር ታንክ፣ ፊንስ ሁሉ ኪራይ ቤት ሞልቷል፤ የእናንተ ዓይን ቁጥር ግን እዚያ በልካችሁ ተቀምጦ አይጠብቃችሁም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት የምትሄዱም ብትሆኑ ማስኩን አሠርታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከውኃው ላይ ሆናችሁ በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) ብቻ ብትዋኙም ያው ነው። የዛሬ ልጆች ካሜራውን ነው የምታስቀድሙት። ራሳችሁ ያላያችሁትን ዓሣ ለቲክቶክ መቅረጽ ምን ይሉታል? (ግን ደግሞ ሳታፍሩ መጠየቃችሁ ደስ ይለኛል። እኛ አፍረን ነው ያረጀነው።)

ማስክ ስትመርጡ ሁለት መስታወት ያለውን ፈልጉ። ለብዙዎቹ በግማሽ ግማሽ ቁጥር የተዘጋጁ ሌንሶች አሉ፤ የፋብሪካውን መስታወት አውጥቶ እነሱን መግጠም ነው። አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ መዛባት) ካላችሁ ከሲሊንደሩ፣ ማለት ወረቀታችሁ ላይ ለእሱ ከተጻፈው ቁጥር፣ ግማሹን በዋናው ቁጥር ላይ ደምሩ። ማይነስ 3 ከማይነስ 1 ሲሊንደር ጋር ከሆነ ማይነስ 3.50 ይወስዳል። ሲሊንደሩ ከፍ ያለ ከሆነ ግን በልክ ተሠርቶ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈውን አሠሩ፤ ዋጋው ወደድ ይላል፣ ይሁን። የዋና መነጽር በቁጥር አለኝ የሚል ሰው ደግሞ ይገጥመኛል። በፍጹም! አፍንጫን አይሸፍንም፤ ስትወርዱ ግፊቱ ሲጨምር በአፍንጫ አየር ልካችሁ ማመጣጠን ካልቻላችሁ ዓይናችሁን ይመጠዋል።

ደግሞ ሌንሱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ማስኩ ፊታችሁ ላይ ካልገጠመ ዋጋ የለውም። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አድርጉትና በአፍንጫችሁ ወደ ውስጥ ሳቡ፤ እጃችሁን ስትለቁት ካልወደቀ ይሆናችኋል። ለዚህ ነው ማስክ ኢንተርኔት ላይ አትግዙ የምለው። ሌንሱን ግን እኔም ኢንተርኔት ላይ አዝዤ አውቃለሁ፤ የሱቅ ባልደረቦቼ አይስሙኝ።

ኮንታክት ሌንስ ይሻለናል የምትሉ አላችሁ። እንደ ባለሙያ አልወደውም። ውኃ ውስጥ አካንታሜባ የሚባል ጥቃቅን ተዋስያን አለ፤ ከሌንሱ ሥር ከገባ ኮርኒያን፣ ማለት የዓይንን የፊት ብሌን ሽፋን፣ ይጎዳል። እንዲህ ስል ግን ባለፈው ክረምት ማስኬን ቤት ረስቼ ሄጄ የአንድ ቀን ሶፍት ሌንስ አድርጌ ወርጃለሁ። ካደረጋችሁ እንደ እኔ የአንድ ቀኑን አድርጉ፣ ስትወጡ ጣሉት፣ አስተማሪውም ይወቅ፤ ምክንያቱም ኮርሱ ላይ ማስክ አውልቆ መልሶ የማጥለቅ ልምምድ ስላለ ያኔ ዓይናችሁን መጨፈን አለባችሁ።

ያ ልምምድ መነጽር የምናደርገውን ሁሉ ያስፈራናል። አይዟችሁ፣ እዚያ ሁሉም ሰው እኩል ነው። ዓይን በቀጥታ ውኃ ሲነካው ኮርኒያ ወደ 40 ዳይኦፕተር (የመነጽር ቁጥር የሚለካበት መለኪያ) የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። እንዲያውም የእኛ የማይነሶቹ ብዥታ ከጤነኛው ትንሽ ያንሳል! ይህን ለአስተማሪዎች ስነግራቸው አያምኑኝም።

ዕድሜያችሁ አርባን ካለፈ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሩቁ ተስተካክሎ እጃችሁ ላይ እንደ ሰዓት የምታስሩት የጠላቂ ኮምፒውተር ላይ ያለው ጥልቀት አይነበብም። ከታች የንባብ ሌንስ ያለው ማስክ ይሠራል። አንድ ጊዜ ሱቃችን አንዲት እናት የመጀመሪያ መነጽራቸውን አድርገው ባላቸውን ትክ ብለው አዩና «አንተ፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?» አሏቸው። ይህ ከዳይቪንግ ጋር አይገናኝም፣ ግን መነጽር ስናወራ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ሲመጣ ውስጡ ላይ ስስ ቅባት አለው፤ በጥርስ ሳሙና እሹት፣ አለበለዚያ ጉም ይሞላዋል። ተለጣፊ ሌንስ ያለበትን ግን አትሹ፣ ይጫራል።

አንተ ማይነስ 5ቱ ልጅ፣ ዓይንህን የተለካህበትን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የቀኝና የግራው ሌንስ ማስክ ላይ ቅርጹ ስለሚለያይ ሁለቱም ዓይን ለየብቻ ይታይ። ሲሊንደር የሚለው ሳጥን ባዶ ከሆነም ባዶ ነው በለኝ። ሌንሱ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ ኮርስህ ከመጀመሩ አስቀድመህ ላከው።