ቀጭን ነኝ፤ ጡንቻ ማዳበር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ወጣት ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ74 ሲሆን ክብደቴ ግን 54 ኪሎ ብቻ ነው። ጓደኞቼ የፕሮቲን ዱቄት እንድወስድ ይመክሩኛል። ጤናዬን ሳልጎዳ ክብደት መጨመር የምችለው እንዴት ነው?

መልስ፦ በአንተ ዕድሜ ቁመት ከጡንቻ ቀድሞ ስለሚያድግ ቅጥነት ብዙውን ጊዜ በሽታ አይደለም፤ ሆኖም ክብደትህ ያለ ምክንያት እየቀነሰ ከሆነ ወይም የማያቋርጥ ድካም፣ ጥማትና ተቅማጥ ካለብህ ከሁሉ አስቀድመህ ሐኪም አማክር።

ክብደት የሚጨምረው ሰውነት ከሚያቃጥለው የበለጠ ምግብ ሲያገኝ ነው። ለጅምሩ በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መጨመር ይበቃል፤ ይህም በመክሰስ ሰዓት ከሚወሰድ አንድ ብርጭቆ ወተትና አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ብዙም አይበልጥም። ፕሮቲንን በተመለከተ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደትህ እስከ 1.6 ግራም፣ ማለትም በቀን 85 ግራም ገደማ በቂህ ነው፤ ይህንንም ከእንቁላል፣ ከጥራጥሬ፣ ከሥጋና ከወተት ማግኘት ስለሚቻል ዱቄቱ (ከዋጋው በስተቀር) የተለየ ነገር የለውም።

ምግቡ ወደ ጡንቻ እንዲለወጥ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በመካከሉ አንድ ቀን እያረፍህ፣ ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ በመሥራት ጀምር። ወደ ብረት ስትሸጋገር 10 ጊዜ በትክክል ልታነሣው የምትችለውን ምረጥ፤ ስድስተኛው ላይ ወገብህ ከጎበጠ ክብደቱ በዝቶብሃል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛትም ያስፈልጋል።

በጥብቅ የምንከለክልህ ስቴሮይድን (ጡንቻ ለማሳደግ የሚወሰደውን የሆርሞን መድኃኒት) ነው፤ የአጥንትን ማደጊያ ጫፍ ያለጊዜው ዘግቶ ቁመትህን ሊያስቀርብህ ይችላል።