ያልተመዘገበ አልተሠራም፤ ያንቺም ሥራ ጭምር

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ያልሽውን ባጭሩ ልድገመው። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ኮሌጅ ነርሲንግ ታስተምሪያለሽ። ማስተርስሽን ከያዝሽ ሦስት ዓመትሽ ነው። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ዋርድ፣ ማታ ፈተና ማረም። አብረውሽ የተማሩት ኤንጂኦ ገብተው ደህና ይከፈላቸዋል፣ አንቺ ግን «ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ» ብለሻል። በዚህ ላይ አንድ የምርምር ጆርናል «ጽሑፍሽን በአምስት ቀን እናወጣልሻለን» ብሎ ሦስት መቶ ዶላር ጠይቆሻል። ልክፈል ወይስ ማስተማሩን ትቼው ልውጣ ነው ጥያቄሽ።

ከገንዘቡ ልጀምር። አትክፈዪ። ደህና ጆርናል ጽሑፍሽን ለገምጋሚዎች ይልካል፣ እነሱ አስተያየት ይሰጡበታል፣ አንቺ ታስተካክያለሽ፣ ይሄ ሁሉ ወራት ይፈጃል። በአምስት ቀን ይወጣል ማለት ማንም አያነበውም ማለት ነው። ክፍያ መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ለሁሉም ክፍት ከሆኑት ጥሩ ጆርናሎች ብዙዎቹ ያስከፍላሉ። እንደኛ ካለ ዝቅተኛ ገቢ ካለው አገር ለሚጽፍ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይቀንሳሉ ወይም ጭራሽ ይተዉለታል፣ ስለዚህ ከመላክሽ በፊት ጠይቂ። ደግሞ እዚሁ ቤታችን ያሉትን አትርሺ። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አለ፣ የኢትዮጵያ የጤና ልማት ጆርናልም ከ1984 ጀምሮ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለተማሪዎችሽ በየቀኑ የምትነግሪያቸው ነገር አለ፤ «ያልተመዘገበ አልተሠራም።» መድኃኒቱን ሰጥተሽ ቻርቱ ላይ ካልፈረምሽ አልሰጠሽም። ታዲያ ያንቺ የሦስት ዓመት ሥራ የት ተመዝግቧል? ደብዳቤሽ ውስጥ አዲስ የስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) መመሪያ እንዳዘጋጀሽ፣ ተማሪ ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ ክህሎቱን የሚፈተንበትን የኦስኪ ፈተና ጣቢያዎች እንደቀረጽሽ፣ ጀማሪ መምህራንን እንዳለማመድሽ በአንድ መስመር ጠቅሰሽ አልፈሻል። ሲቪሽ ላይ ግን አንዱም የለም! እኔም በዚህ ተጎድቻለሁ። ፕሮሞሽን ልጠይቅ ስል የስምንት ዓመት ማስረጃ በሁለት ሳምንት ልሰበስብ ሞከርኩ፤ የመሩኝ ኃላፊዎች ለቀው፣ ደብዳቤዎቹ ጠፍተው፣ ግማሹን ሥራዬን የሚመሰክርልኝ ወረቀት አጣሁ። አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ፎልደር ክፈቺ። የኮርስ ምደባ ደብዳቤ፣ የተማሪ ግምገማ ውጤት፣ የኮሚቴ ሥራ፣ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና) ሰርተፊኬት፣ ሁሉንም በስልክሽ እያነሳሽ አስገቢ። ሰርተፊኬቶቹ ለሙያ ፈቃድ እድሳትም ይፈለጋሉ። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር ሲታደግ የሚታየው ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ስለሆነ ፎልደሩንም በነዚሁ ሦስቱ ከፋፍዪው። የኮሌጅሽን የዕድገት መመሪያ ደግሞ ከሰው አፍ አትስሚ፣ ራስሽ አንብቢው።

ምርምርን በተመለከተ «ርዕስ የለኝም» ብለሻል። አለሽ እኮ። ተማሪዎችሽ ሳይቆጥሩ የሁሉንም ሕመምተኛ ትንፋሽ በደቂቃ 20 ብለው እንደሚጽፉ አንቺው ነግረሽኛል። ሳንባ ምች ይዟቸው ትከሻቸው ከፍ ዝቅ የሚል አባትም 20፣ ነገ የሚወጣውም ወጣት 20። ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆሞ የቆጠረ የለም። ያልተመዘገበ አልተሠራም እንላለን፣ እዚህ ግን ያልተሠራው ተመዝግቧል! ይሄ ትልቅ ጥያቄ ነው። ለምን አይቆጥሩም? በሌላ መንገድ ብታስተምሪያቸው ይቆጥራሉ? ከማስተማርሽ በፊትና በኋላ ብታነጻጽሪ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል። ብቻ ዳታ ሳትነኪ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያዢ፤ ተማሪዎችሽ ውጤታቸው በእጅሽ ስለሆነ እምቢ ለማለት ይፈራሉና ፈቃደኝነታቸውን ሌላ ሰው ቢጠይቅ ይሻላል። የምታነቢው ካጣሽ ኮሌጅሽ በሂናሪ መመዝገቡን ላይብረሪ ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው የምርምር ጽሑፍ ማንበቢያ ፕሮግራም ነው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎች ያስነብብሻል።

ማስተማሩንም እዚያው አልጋው አጠገብ ቀይሪው። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ የቤተሰብ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ መምህራን ያወጡት «የአንድ ደቂቃ አስተማሪ» የሚባል ዘዴ አለ፤ ጊዜ ለሌለው መምህር የተሠራ ነው። ተማሪዋ ቻርቱን ስታመጣልሽ አትቆጪ። «እኚህ አባት ትንፋሻቸው እንዴት ነው ትያለሽ?» በያት። «ፈጠን ያለ ይመስለኛል» ካለች «ምን አይተሽ?» በያት። የአንገታቸውን ጡንቻ፣ የአፍንጫቸውን መከፈት ትነግርሻለች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አስተምሪ፣ ልክ ያደረገችውን ንገሪያት፣ የሳተችውን አርሚ፣ በቃ። ከዚያ ሰዓትሽን ይዘሽ አብራችሁ ቁጠሩ። 34 ሲወጣ ፊቷን እይው። ያንን ቁጥር የምትረሳው አይመስለኝም።

ኤንጂኦውን በተመለከተ፣ መሄድ ነውር አይደለም። የቤት ኪራይ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አሁን ባዶ ሲቪ ይዘሽ ከምትወጪ አንድ ዓመት ስጪው። ሥልጠና መንደፍ፣ ተማሪ መመዘን፣ ዳታ ሰብስቦ ሪፖርት መጻፍ እነሱም የሚፈልጉት ሙያ ነው፣ አንቺ ደግሞ እየሠራሽው ነው። ዓመቱ ሲያልቅ መቆየቱንም መሄዱንም በእጅሽ ባለ ማስረጃ ትወስኛለሽ።

እስከዚያው የትንፋሹን ጥያቄ በአንድ ገጽ ጻፊልኝና ላኪው። ምን አየሽ፣ ምን መጠየቅ ትፈልጊያለሽ፣ ስንት ተማሪ አለሽ፤ ይኸው ብቻ። ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።