ከፍታውን ቀንስ፣ ርዝመቱ ግድ የለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ባሕር ዳር ለምትከፍተው ካፌ በፕላይውድ ትልቅ አኳሪየም ልትሠራ አስበሃል። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ከፍታው 80 ሴንቲ ሜትር፣ ውስጡ የባሕር ውሃና ኮራል። «እንጨት ይህን ሁሉ ውሃ ይይዛል ወይ?» ነው ያልከው። አዎ፣ ይይዛል። የእኔው ሽምብጥ ሰፈር እቤታችን ሳሎን ከቆመ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። 750 ሊትር ይይዛል። ውስጡ ያሉት የጣና ዓሦች ናቸው። ሣጥኑን በተመለከተ ግን ውሃው ጨው ኖረው አልኖረው ሥራው አንድ ነው።

መጀመሪያ 80 ሴንቲ ሜትሩን እርሳው። ውሃ በጠለቀ ቁጥር ግድግዳን ይበልጥ ይገፋል። የእኔ ውሃ 55 ሴንቲ ሜትር ይቆማል። በዚህ ጥልቀት የፊቱን ግድግዳ ወደ 360 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ይገፋዋል። 80 ብታደርሰው 770 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ከፍታው በግማሽ እንኳ ሳይጨምር ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ርዝመት እንዲህ አያደርግም። ረዘም ቢል በየመሐሉ ከላይ ማሰሪያ እንጨት ታደርግለታለህ፣ አለቀ። ደግሞ 55 ሲሆን እጅህ ታች ይደርሳል። ድንጋይ ሲንሸራተት ወይም ዓሣ ሲሞት ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያኔ ታየዋለህ።

ፕላይውዱ 18 ሚሊ ሜትር ይሁን። አንዱ ፍሬ 122 በ244 ነው። በቁመቱ ለሁለት ሲሰነጠቅ 61፣ 61 ይወጣል። የእኔ ልክ የመጣው ከዚህ ነው፤ ብጣሽ የለም ማለት ይቻላል። ወለሉን ድርብ ስላደረግኩት ሦስት ፍሬ ፈጀብኝ። ስትገዛ ጫፉን እይ። በድርቦቹ መካከል ክፍተት ካለ ተወው። ለኮንክሪት የሚያገለግለው ጥቁሩ ፕላይውድ ጠንካራ ይመስልሃል፣ ግን ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ኢፖክሲ (እንጨቱ ውሃ እንዳያስገባ የምትቀባው፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ቅብ) አያስይዝም። ኤምዲኤፍ ደግሞ ጠብታ ከነካው ያብጣል።

መስታወቱ የሚያርፍበትን የፊቱን ክፈፍ ከአራት ብጣሽ አትገጣጥመው። አናጢው ቀላል ነው ይልሃል፤ እሺ አትበለው። ከአንድ ሙሉ እንጨት መስኮቱን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ዙሪያውን 8 ሴንቲ ሜትር ተዉለት። የሚሰነጠቀው ሁሌም ማዕዘን ላይ ነው፣ መጋጠሚያ ከሌለው ግን የሚከፈት ነገር የለም። ሌላው ሁሉ በኮላና በብሎን፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ።

አሁን እኔን ያስለቀሰኝን ልንገርህ። የመጀመሪያውን ኢፖክሲ የቀባሁት በነሐሴ ነበር። ኢፖክሲ በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ስስ ነገር ያወጣል። ስትዳስሰው ያሟልጫል። እኔ የደረቀ መስሎኝ ሁለተኛውን ደረብኩበት። ውሃ ከሞላሁ በሦስተኛው ሳምንት ማዕዘኑ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ሌሊት እናቴ እርጥብ ምንጣፍ ረግጣ ቀሰቀሰችኝ። ዓሦቹን በባልዲ እያወጣን ጎረቤት ሮቶ ውስጥ አሳደርናቸው። ጠዋት ሳየው ወለሉ አብጧል። ሣጥኑን ሙሉ በሙሉ እንደገና ነው የሠራሁት።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። በየድርቡ መሐል ላዩን በውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ። በቃ። ሁለተኛውን በየካቲት ቀባሁት። አንተም ከክረምት ራቅ። ግን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሆነ ኢፖክሲውን በአንድ ጣሳ ብዙ አትበጥብጥ። ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያወጣል። ተከማችቶ ከቆየ ጣሳው ውስጥ ይግልና ድንጋይ ይሆናል። ጥቂት ጥቂት እየበጠበጥክ ሰፊ ሳህን ላይ አፍስሰው። ማዕዘኖቹን በፋይበር ግላስ ጨርቅ አጠናክር፣ ሦስት ጊዜ ቀባ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ተወው።

መስታወቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። የሚገባው ከውስጥ በኩል ነው፤ ያኔ ውሃው ራሱ ወደ ክፈፉ ይጫነዋል። ሲሊኮን ስትገዛ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን፣ ተራውን ያዝ። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ ይከላከላል የተባለው ዓሣ ይመርዛል። መስታወቱን ስታስቀምጥ ሲሊኮኑ ሁሉ ተጨምቆ እስኪወጣ አትጫነው። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይቅርለት፣ ያዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ከዚያ ግቢ ውስጥ አውጥተህ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፍና ለሰባት ቀን ሞልተህ ተወው። ጠብታ ካለ ጋዜጣው ይነግርሃል። ካፌው ውስጥ የሚቆምበት ወለል ምድር ቤት ይሁን። ከድንጋዩና ከአሸዋው ጋር ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። የብረት እግሩንም በውሃ ልክ ለካው።

ኮራሉን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ። ጨው በሊትር 35 ግራም ነው፤ ለእኔ ሣጥን እንኳ 26 ኪሎ ይፈጃል። ያውም ለአንዴ ብቻ፤ ውሃ በቀየርክ ቁጥር ሌላ ትፈልጋለህ። የወጥ ጨው አይሆንም። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየም ነው፣ ማግኒዥየምም ይፈልጋል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ መቆም አለበት፤ የታኅሣሥና የጥርን ሌሊት ደግሞ ታውቀዋለህ። ድንጋያማ ኮራል ያለ ሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፀዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድ ከአገር አገር አይዘዋወርም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ኦክስጅኑ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከምጽዋ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከተራው ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ምጽዋ ላይ በ25 ዲግሪ 6.7 ሚሊ ግራም በሊትር የሚይዘው የባሕር ውሃ እዚህ 5.4 ብቻ ይይዛል። ፓምፕ እየሠራ ችግር የለም። መብራት ሲጠፋ ግን ሰዓቱ ይቆጠራል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለህ ኮራሉን አታስበው። ለጣና ዓሣም ቢሆን እኔ ሁለት አሉኝ።

ምክሬን ከፈለግክ ካፌህ ውስጥ ጣናን አስገባ። ጣና ዳር ተወልደን ነጩን ዓሣ የምናውቀው በሳህን ነው። ነጭ ዓሣ የምንላቸው፣ ሐይቁ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ባርቦች ወደ 15 ዝርያ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ በክረምት እነ ጉማራንና ርብን ወንዝ ሽቅብ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። ደንበኛህ ቡናውን ይዞ ይህን ቢያይ እንዴት ደስ እንደሚል አስበው። ገና ትንንሽ የሆኑትን እንዲሰጥህ አጥማጅ ጠይቅ፤ አድገው ሣጥኑ ሲጠባቸው ለመመለስ አትሰስት። ቀረሶ (ቲላፒያ) አሸዋውን ይቆፍርብሃል፣ ግን ይለመዳል። አምባዛ አታስገባ። ከሜትር በላይ ያድጋል፣ ጓደኞቹንም ይበላል። ሣጥኑ ሞልቶ ከተፈተሸ በኋላ ደግሞ ዓሣ ከማስገባትህ በፊት ማጣሪያው እስኪለምድ፣ ማለትም ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች እስኪራቡበት፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቅ።

እንጨቱን ከማስቆረጥህ በፊት ልኩን እዚህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ኮላው እስኪይዝ የሚያጣብቁ ስምንት ሞርሳዎች አሉኝ። ለሥራው ሳምንት ላውስህ እችላለሁ፤ ከሽምብጥ መጥተህ ውሰዳቸው።