ከቼሎና ከቫዮሊን ጋር ሲሆን ድምፁ የሚሞት ሻሚሴን

ኦሳካ የምትኖረው አንባቢያችን፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው። ያገለገለ ወፍራም አንገት ሻሚሴን (ባለ ሦስት ክር የጃፓን የሙዚቃ መሣሪያ) ገዝተሃል፤ ሻጩም «እዝዝ የሚለው ነገር ተጠግኗል» ብሎሃል። ከአንድ ቫዮሊንና ከአንድ ቼሎ ጋር ያለ ኖታ፣ እዚያው እየፈጠራችሁ ትጫወታላችሁ። ክሮችህን ቢ፣ ኢ፣ ቢ በሚባሉት ድምፆች ላይ ቃኝተሃል፤ እነሱ ዲ እና ጂ ዙሪያ ይውላሉ። ብቻህን ስትሆን ደህና ነው፤ ሦስት ስትሆኑ ግን የመታኸው ድምፅ ወዲያው ደርቆ ይጠፋል። ሁለተኛው ክር ደግሞ በጣትህ ተጭነኸውም ይንኳኳል። ማይክራፎን ልግዛ ወይ?

ቆይ፣ አትግዛ። እኔን ያስጠረጠረኝ «ተጠግኗል» የሚለው ነው። እዝታው ብልሽት አልነበረም፤ አንድ ያልገባው ሰው ደፍኖታል።

ክሮቹን አላላና መቃኛዎቹ ሥር ተመልከት። ካሚጎማ የሚባል ትንሽ የብረት ድልድይ ታያለህ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክር በእሱ ላይ ያልፋሉ። ወፍራሙ አንደኛ ክር ግን አይወጣበትም፤ በቀጥታ እንጨቱ ላይ አርፎ፣ ከትንሽ ጎድጓዳ በኋላ ያለችውን ጉብታ ዳበስ አድርጎ ያልፋል። ይህ ሳዋሪ ይባላል። እዚያ ቦታ ፕላስቲክ ቁራጭ ወይም የደረቀ ሱፐር ግሉ ካገኘህ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ሱፐር ግሉ ለጫማ ሶል ይሁን፤ ለሙዚቃ መሣሪያ አንገት ምን አገናኘው!

ሳዋሪን ማወቅ ስላለብህ ትንሽ ልዘርዝረው። በገና የሚደረድር ሰው ነገሩን ቶሎ ይይዘዋል። በገና ላይ በክሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው የቆዳ እንዝራ ክሩን እየነካ ያንን ጥልቅ እዝታ ያወጣል። ሻሚሴን ላይ ንክኪው በሌላው ጫፍ፣ በአንገቱ በኩል ነው፤ ያለውም ለአንድ ክር ብቻ ነው። ክሩ በተወዛወዘ ቁጥር ጉብታዋን ይነካል፤ ንክኪው ጉልበቱን ከዋናው ድምፅ ወደ ላይኞቹ፣ ማለትም በዚያው ክር ውስጥ አብረው ወደሚሰሙት ቀጫጭን ድምፆች፣ ይበትነዋል። ስለዚህ ድምፁ ብሩህ ይሆናል፣ ይረዝማልም። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌሎቹን ክሮች ስትመታ የሚሆነው ነው። አንደኛው ክር ሲ ላይ ከተቃኘ ወደ 131 ኸርዝ ነው፤ በውስጡ 262 (ሲ)፣ 392 (ጂ)፣ 523 (ሲ)፣ 654 (ኢ) አሉ። ከእነዚህ አንዱን በሌላ ክር ስትመታ አንደኛው ክር ሳይነካ ተነሥቶ እዝዝ ይላል። ያ ነው ሻሚሴንን ከቼሎ ጎን የሚያቆመው። በአንጻሩ ቢ ላይ የተቃኘ ክር ውስጥ የሚገኙት ቢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ዲ ሻርፕ ናቸው። ጓደኞችህ የሚውሉባቸው ዲ እና ጂ እዚያ የሉም። ሳዋሪህ ባይደፈን እንኳ ማንም አይቀሰቅሰውም ነበር።

እንግዲህ ወደ ሥራ። ፕላስቲኩን አውጣ። ሙጫውን በቀጭን ምላጭ ጠርዝ በትንሽ በትንሹ ፋቅ፤ እንጨቱ ጋ ስትደርስ ቁም። ጉብታዋን በሞረድ እንዳትነካት፤ አንዴ ከወረደች መመለሻ የላትም። ከአንገቱ ጀርባ ትንሽ ብሎን ካለህ መሣሪያው አዙማ ሳዋሪ የሚባለው አለው፤ ጉብታዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ሩብ ዙር እያዞርክ ስማ። ልኩ ይህ ነው፦ አንደኛውን ክር በባዶው ስትመታው ጥርት ብሎ ይነሣና ከዚያ እዝታው ይከፈታል። ገና ከመነሻው የሚንጫጫ ከሆነ በዝቷል። በጣትህ ስትጫነው ደግሞ እዝታው መጥፋት አለበት።

የሁለተኛው ክር መንኳኳት ስትጫነውም ስለማይጠፋ ከሳዋሪ ጋር አይገናኝም። ኮማውን፣ ማለትም ቆዳው ላይ የሚቆመውን ብርኩማ፣ እይ። ከርካሽ መሣሪያ ጋር የሚመጣው ፕላስቲክ ኮማ እግሩ ጠማማ ነው፣ የክሩ ቦታም ሰፊ ነው። 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፈህ እግሩን አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ አሽ። ካልዳነ ጣለውና የፁጋሩ (የሰሜን ጃፓን የሻሚሴን ዓይነት) የቀርከሃ ኮማ ግዛ፤ ቁመቱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

አሁን ቅኝቱ። ወደ ዲ ልውጣ ትል ይሆናል፤ አትውጣ። ከቢ ወደ ዲ ሦስት ግማሽ ድምፅ ነው፤ በዚያው ክር ውጥረቱ በ41 በመቶ ያድጋል። ወደ ሲ ብትወጣ ግን ጭማሪው 12 በመቶ ነው። ስለዚህ ሲ፣ ጂ፣ ሲ ቃኝ፤ ይህ ኒአጋሪ የሚባለው ቅኝት ነው። ቼሎው ከታች ያሉት ሁለት ባዶ ክሮቹ ሲ እና ጂ ናቸው፤ ቫዮሊኑም ባዶ ጂ አለው። እነሱ ወደ አንተ ይምጡ፤ በጣታቸው ሁሉም ቦታ ይደርሳሉ፣ አንተ ያለህ ሳዋሪ ግን አንድ ነው። ለመነሻ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ላይ ተስማሙ፤ ጃፓኖች ሚያኮ ቡሺ ይሉታል፣ ለጆሮህ ግን አምባሰል ነው። ሁለተኛውን ክር ወደ ኤፍ ብታወርደው ሆንቾሺ ይሆናል፤ ኤፍ ዙሪያ መቆየት ስትፈልጉ ይመቻል፣ እዝታው ግን ይቀንሳል።

ሁለተኛው ክር ግን ከኢ ወደ ጂ ሦስት ግማሽ ድምፅ ስለሚወጣ 41 በመቶው እሱን ያገኘዋል። ለእሱ አንድ ቁጥር ቀጭን ክር ግዛ። ስታጠብቅ ፊትህን ከክሮቹ በላይ አታድርግ፤ መነጽር አድርግ። የሚበጠስ ክር ዓይን ያጠፋል። መቃኛው ከተንሸራተተ ወደ ውስጥ እየገፋህ አዙር፣ ጥቂት የጠመኔ ዱቄት ንካው። ለቫዮሊን መቃኛ የሚሸጠውን ቅባት ተወው።

መጨረሻ ላይ የቅኝት መሣሪያውን መርፌ እመነው፣ ግን እስከ አጠገቡ ብቻ። ቼሎው ባዶ ሲ ይሳብና አንደኛውን ከእሱ ጋር አስማማ፤ ከዚያ ሦስተኛውን እየመታህ አንደኛው ሳትነካው እዝዝ እስኪል ቃኝ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። በጨዋታ መካከል ቅኝት ስትቀይርም ያንኑ እላለሁ፦ ፊትህን ዘወር አድርግ። ስትጨርሱ ኮማውን ከቆዳው ላይ አንሣ፤ እንደቆመ ካደረ ቆዳው ይጎደጉዳል፣ ሲብስም ይቀደዳል፣ የቆዳ ማስቀየሪያው ደግሞ ከማይክራፎንህ ይወደድ ይሆናል።