ከምግብ ቤቱ ጠረጴዛዎች፦ በቴሌቪዥን ጭውውት ለመሥራት ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በቴሌቪዥን አጫጭር አስቂኝ ጭውውቶች ላይ መሥራት እንደምትፈልጉ እየገለጻችሁ ምክር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ በየግላችሁ ለመመለስ አቅሙም ጊዜውም ስላልነበረኝ፣ ይህን ደብዳቤ ለሁላችሁም በአንድነት ጻፍሁ። ከጥያቄዎቻችሁ የሚበዙት እንዴት መታወቅ እንደሚቻል የሚጠይቁ ናቸው። በዚህ ረገድ ብዙም የምጠቅማችሁ አይመስለኝም፤ እኔ በታወቅሁበት ዘመን አገሪቱ የነበራት አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ ስለነበረ፣ በእንቁጣጣሽ ማታ ለአሥር ደቂቃ የታየ ሰው በማግስቱ መርካቶ ውስጥ መራመድ ይቸግረው ነበር። የምነግራችሁ ከመታወቅ በፊት ስለሚገኘውና ከታወቁ በኋላ በቀላሉ ስለሚጠፋው መሣሪያ ነው፤ እርሱም ጆሮ ነው።

ሥራውን የጀመርሁት በ1960ዎቹ መጨረሻ በቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ነበር። ከዚያ ወደ ቴአትር ቤት፣ ከቴአትር ቤት ወደ ቴሌቪዥን ተሸጋገርሁ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ወደ አሜሪካ ሄጄ በዋሽንግተን ዲሲ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሌሊት ሠራተኛ ሆንሁ። በዚያች ጠባብ ክፍል አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ማጫወቻ ነበረችን። እንግሊዝኛዬን ለማሻሻል ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካሴት እየተዋስሁ ስመለከት ነው ሲድ ሲዛር የተባለውን አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ቀልደኛ ያገኘሁት። ሃያ ዓመት ስሠራው የኖርሁትን ሥራ ምንነት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው ብል አላጋነንሁም።

ሲዛር እ.ኤ.አ. በ1922 በኒው ዮርክ ግዛት ዮንከርስ በተባለች ከተማ ከአይሁድ ስደተኞች ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ቀንና ሌሊት ክፍት የሆነች አነስተኛ ምግብ ቤት ነበረው፤ ደንበኞቹም በአብዛኛው ከአውሮፓ የመጡ ሠራተኞች ስለነበሩ ጣሊያኖቹ ከጣሊያኖች፣ ፖላንዶቹ ከፖላንዶች፣ ሩሲያውያኑም ከሩሲያውያን ጋር በየጠረጴዛቸው ይቀመጡ ነበር። ልጁ ሳህን ለማንሣት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲሄድ የሚናገሩትን ቃል ባይረዳም ዜማውን ያዘ፤ አንዱ ቋንቋ የት ላይ እንደሚወጣ፣ የት ላይ እንደሚወርድ፣ ሰውየው ሲቆጣ እጁ ወዴት እንደሚሄድ ለየ። ከዚያም ያንኑ ዜማ ይዞ ትርጉም የሌለው ንግግር በየጠረጴዛው ይለቅባቸው ጀመር። ሰዎቹም በገዛ ቋንቋቸው የተነገረ መስሏቸው ጆሯቸውን ካቀኑ በኋላ አንድም ቃል እንደሌለበት ሲገባቸው በሳቅ ይፈነዱ ነበር። በኋላ አሜሪካን ሁሉ ያሳቀው የፈረንሳይኛ፣ የጀርመንኛ፣ የጣሊያንኛና የጃፓንኛ «ንግግሩ» ሥሩ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በአገራችን የሰውን አነጋገር መቅዳት ከሁሉ የቀለለ ማሳቂያ ተደርጎ ስለተወሰደ፣ ብዙ ጭውውት አጽንቶ ያቆመውም ያበላሸውም ይኸው ነው። ከገጠር የመጣ ሰው፣ አማርኛ አፉን ያልፈታበት ሰው፣ ቃል የሚያጥፍ ሰው በካሜራ ፊት ይቀርባል፤ ሰው ይስቃል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ አንዳንዱን ዛሬ ባየው ዓይኔን የምጨፍንበት ነው። ሲዛር የተለየበት ነገር ቢኖር፣ የቀዳውን መጀመሪያ ያሳየው ለባለቤቶቹ መሆኑ ነው። ጣሊያናዊው ጠረጴዛ ካልሳቀ ሥራው ወድቋል ማለት ነበር። ስለዚህ የአንድን አካባቢ ሰው አነጋገር በጭውውት ለማምጣት ስታስቡ፣ የዚያን አካባቢ ሰዎች ሰብስባችሁ በፊታቸው ሞክሩት፤ ከእነርሱ መካከል አንዱ መሬት መሬት ማየት ከጀመረ ተዉት።

እኔን ይህን ያስተማረኝ አውቶቡስ ተራ ያገኘሁት አንድ ደላላ ነው። በአንድ ጭውውት ላይ ደላላ ሆኜ ተጫውቼ፣ ብር ስቆጥር ጣቴን በምራቄ እያራስሁ ነበር፤ አዳራሹም በዚህ ብዙ ስቋል። ሰውየው ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ አስቆመኝና «ጋሼ፣ ጨዋታው መልካም ነበር፤ ግን ደላላ ብር ምራቅ አያስነካም፤ ምራቅ የሚያስነካው ባለሱቅ ነው፤ ደላላ ብሩን በሰው ፊት አይቆጥርም፣ በመዳፉ ክብደቱን ያውቀዋል» አለኝ። አልተቀየመኝም፤ የሠራሁት ስህተት ግን የሙያ ስህተት ነበር። ባለሱቁንና ደላላውን አንድ አድርጌ ሁለቱንም አላየኋቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሆኜ ከመጫወቴ በፊት ቢያንስ ሦስት ቀን እርሱ የሚውልበት ቦታ መዋል ልማዴ ሆነ።

ሌላው ልታስቡበት የሚገባው ነገር፣ አማርኛ ተናጋሪ በመሆናችን ሳቅን ከቃል ጋር ብቻ አጣብቀን የማየት ዝንባሌ ያለን መሆኑ ነው። ያደግነው በቅኔና በሰም ለበስ ነው፤ የቀልድ አባታችንም አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። (እግረ መንገዴን፦ አለቃ የአቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ፣ ሊቅ ነበሩ፤ የተክሌ አቋቋም የሚባለው ከእርሳቸው የመጣ ነው። ግን ከመቶ ሰው አንዱ እንኳ በዚህ አያስታውሳቸውም፤ ቀልድ ከያዘ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል፤ እናንተም ይህን ከወዲሁ እወቁት።) የአለቃ ቀልድ በጽሑፍ ቢነበብም በሬዲዮ ቢነገርም ያስቃል። የቴሌቪዥን ጭውውት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቃሉ ባይኖርም መቆም አለበት።

ሲዛር ከሠራቸው መካከል እኔ በጣም የምወደው አንድ ጭውውት አለ። አንድ የጀርመን ጄኔራል የመሰለ ሰው በመስታወት ፊት ቆሞ በረዳቱ ይለብሳል። ረዳቱ ኮቱን ይጠርጋል፣ ኒሻኑን ይሰካል፣ ጓንቱን ያቀብላል፤ ጄኔራሉም አንዲት የአቧራ ብናኝ ባየ ቁጥር ትርጉም በሌለው «ጀርመንኛ» ይጮኽበታል። ደቂቃዎች ያልፋሉ። ተመልካቹ ሰውየው ወደ ጦር ሜዳ ወይም ወደ ንጉሥ ግብር የሚሄድ ይመስለዋል። በመጨረሻ በኩራት ተራምዶ ይወጣና የሆቴል በር ላይ ቆሞ ለእንግዶች ታክሲ ይጠራል፤ ዘበኛ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የሚተረጎም ቃል የለም፤ እኔም በዚያን ሌሊት እንግሊዝኛ ባልችልም ከተመልካቹ እኩል ሳቅሁ፤ ክፍሏ ውስጥ ያለው የሥራ ልብሴ በትከሻው ላይ ሁለት ወርቃማ መስመሮች ስለነበሩት ምናልባትም ከእነርሱ የበለጠ ሳቅሁ። ጭውውቱን አጽንቶ ያቆመው ትዕግሥቱ ነው። መጨረሻውን ለመድረስ ቢቸኩሉ ኖሮ የሚያስቅ ነገር አይኖረውም ነበር። የእናንተን ሥራዎች ሳይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ተመልካቹ ጣቱን እንዳያንሸራትት በመፍራት በየአምስት ሴኮንዱ አንድ ቀልድ ትወረውራላችሁ፤ ገጸ ባሕርዩ ግን ለመተንፈስ እንኳ ጊዜ አያገኝም።

ስለ ልምምድ ደግሞ ብዙ አልልም። ሲዛር ከእ.ኤ.አ. 1950 እስከ 1954 በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ትርኢት በቀጥታ ሥርጭት ያቀርብ ነበር፤ ይህንንም በዓመት ለ39 ሳምንታት። ቃለ ተውኔቱን የሚያስታውስ ጽሑፍ ከካሜራው አጠገብ አይያዝለትም፤ የሚደገም ቀረጻም የለም። ሜል ብሩክስና ኒል ሳይመንን የመሰሉ፣ በኋላ በየራሳቸው ስም የገነኑ ጸሐፊዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው እየተጯጯሁ ይጽፉለት ነበር። ኢሞጂን ኮካና ካርል ራይነርን የመሰሉ የመድረክ ጓደኞችም ነበሩት። አንድ ቀልድ ለመቅረጽ ሃያ ጊዜ የሚደጋግም ወጣት ይህን ሲሰማ ተስፋ እንዲቆርጥ አልፈልግም፤ ነገር ግን ሃያውን ድግግሞሽ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት አድርጉት። በካሜራ ፊት ሲደጋገም ፊት ይሞታል።

ስለ ገንዘብ ለጠየቃችሁኝም እንዲሁ ከእርሱ ታሪክ አንድ ነገር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1949 የሲዛርን የመጀመሪያ የቴሌቪዥን ትርኢት ይደግፍ የነበረው አድሚራል የተባለ የቴሌቪዥን መሣሪያ አምራች ድርጅት ነበር። ሲዛር ራሱ ሲናገር እንደኖረው፣ ትርኢቱ ከመወደዱ የተነሣ የመሣሪያው ፈላጊ ድርጅቱ ሊያመርት ከሚችለው በላይ በዛ፤ ድርጅቱም ገንዘቡን ለፋብሪካው ማስፋፊያ ለማዋል ሲል ትርኢቱን በጥቂት ወራት ውስጥ አቆመው። ስኬታችሁም ከሥራ ሊያስወጣችሁ ይችላል ማለት ነው። እኔ በበኩሌ በአንድ ወቅት ለአንድ ማስታወቂያ ፊቴን በቃል ስምምነት ብቻ ሰጥቼ፣ ማስታወቂያው አምስት ዓመት ሲታይ የተከፈለኝ የአንድ ቀን ብቻ ነው። ውል ሳትፈርሙ፣ በውሉም ላይ ሥራው ለስንት ጊዜና የት የት እንደሚታይ ሳይጻፍ ካሜራ ፊት አትቁሙ። ይህን የሚያፍርበት ሰው አለ፤ አትፈሩ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልመለስ። የሲዛር ሦስተኛ ትርኢት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲቋረጥ ሰውየው ገና 35 ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያ ዕድሜው በአሜሪካ ቴሌቪዥን እጅግ ከታወቁት ቀልደኞች አንዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተከተሉትን ሃያ ዓመታት ያህል ግን በመጠጥና በእንቅልፍ መድኃኒት እንዳሳለፋቸው በኋላ ራሱ በግልጽ ተናግሯል። ይህ ሰው በሌላ ሰው ፊትና አንደበት ሲገባ አቻ አልነበረውም፤ በራሱ ስም ቆሞ «እንደምን አመሻችሁ» ማለት ግን ያስጨንቀው ነበር። እኔ እንደማስበው፣ ከታወቀ በኋላ እነዚያ ጠረጴዛዎች ጠፉበት። ማንም በእርሱ ፊት እንደወትሮው አይናገርም፤ ሁሉም እርሱን ያያል፣ እርሱ ግን ማንንም ማየት አልቻለም። በየሳምንቱ የሚያወጣ፣ የሚያስገባበት ግን የሌለው ጎተራ ሆነ።

በእኛ አገር ይህ በሌላ መልክ ይመጣል። ቀልደኛ የታወቀ ዕለት ገንዘቡን ሳይሆን ብርጭቆውን ነው የሚሰጡት። ሰው ሁሉ በፍቅር ይጋብዘዋል፤ ግብዣውንም በቀልድ እንዲከፍል ይጠበቅበታል። እኔም ለስድስት ዓመታት ያህል ማታ ማታ በዚህ መንገድ ከፍያለሁ፤ በዚያ ዘመን የጻፍኋቸው ጭውውቶች ሁሉ ሰካራም የሚያወራባቸው መሆናቸውን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። ሌላ የማየው ሰው ስላልነበረኝ ነበር። እናቴ የሞተች ዕለት በለቅሶው ድንኳን ቆሜ ሳለቅስ፣ ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ፊቴን አይተው ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው። ለረጅም ጊዜ ተቀይሜያቸው ኖርሁ። አሁን ግን አልፈርድባቸውም፤ ያንን ፊት በየበዓሉ የሸጥሁላቸው እኔው ነኝ። ከቻላችሁ ግን ለቤታችሁና ለሐዘናችሁ የሚሆን አንድ ፊት ሳትሸጡ አስቀሩ፤ ተመልካች የማያውቀው ጓደኛም ይኑራችሁ።

በመኪና ማቆሚያው ማንም አያውቀኝም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ይህ እንደ ውርደት ከበደኝ። ኋላ ግን ቁልፍ ስቀበል ሰው ሁሉ ከእኔ ፊት እንደ ልቡ እንደሚናገር አስተዋልሁ፤ ሳልቫዶራዊው የሥራ ባልደረባዬ በስልክ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ፣ ናይጄሪያዊው የታክሲ ነጂ ሒሳብ ሲከራከር፣ የአገሬ ልጅ ለአለቃው በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠይቆ ዘወር ሲል በአማርኛ ሲረግመው እሰማ ነበር። ጆሮዬ ተመለሰልኝ። ወደ አገሬ ስመለስ የጻፍኋቸው ጭውውቶች፣ ጥሩ ሆነው ከሆነ፣ ከዚያች ክፍል የመጡ ናቸው።

ሲዛርም ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መገባደጃ ካናዳ ውስጥ በመድረክ ላይ ሳለ የሚናገረው ቃል ጨርሶ ጠፋበት፤ ከዚያም ሐኪም ዘንድ ሄዶ መጠጡን ተወ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በ91 ዓመቱ እስኪሞትም ድረስ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2006፣ ዕድሜው 83 ሆኖ ሳለ፣ በአንድ የቴሌቪዥን ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ የክብር ሽልማት ሊቀበል ተጠራ። የምስጋና ንግግር ያደርጋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ያንን ትርጉም የሌለው ንግግሩን ጀመረና ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየተሻገረ ከአምስት ደቂቃ በላይ ተናገረ፤ ሳህን ሊያነሣ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እንደሚሄድ ልጅ።