መጀመሪያ አንገቱን እዩ

ውድ ወጣቶች፣

«ጋሼ፣ የትኛውን ኤሌክትሪክ ጊታር ልግዛ?» የሚለውን ጥያቄ ከአርባ ዓመት በላይ በቆየሁበት በዚህ ሙያ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ አልቆጥረውም። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን በልቡ ይዞ ይመጣል፤ በስልኩ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ያሳየኝና «አዎ፣ እሱን ግዛ» እንድለው ይጠብቃል። የጊታር ደግነት ግን ከፊት ለፊት በተነሣ ፎቶግራፍ አይታወቅም።

እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን ጊታር የገዛሁት ቀይ ስለነበር ነው። በ1970ዎቹ አንድ አገር ለቅቆ የሚሄድ ሰው ሲሸጠው የስድስት ወር ቁጠባዬን አውጥቼ ወሰድሁት፤ በጨርቅ ተወልውሎ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። ቤት ገብቼ ስቃኘው የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች (አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ላይ ደህና ይናገራል፤ ከስድስተኛው አልፌ ወደ አካሉ ስጠጋ ግን ቀጭኗ ክር ትታፈናለች፣ ወፍራሟ ትንጫጫለች። አንድ አዛውንት እንጨት ሠራተኛ በአንድ ዓይናቸው አዩትና «ልጄ፣ ይህ አንገት ተጠማዟል» አሉኝ። ጎብጦ ብቻ ቢሆን ኖሮ በውስጡ የሚያልፈውን የብረት ዘንግ በማጥበቅ ወይም በማላላት ይቃና ነበር፤ የተጠማዘዘ እንጨት ግን በዘንግ አይመለስም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ጊታር የተጫወትሁት እስከ ስድስተኛው ፍሬት ድረስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከቀለሙም ከስሙም በፊት አንገቱን እዩ። ጊታሩን ከራሱ፣ መቃኛ ቁልፎቹ ካሉበት ጫፍ፣ በኩል ይዛችሁ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሩና የግራና የቀኝ ጠርዙ እኩል መሄዱን ተመልከቱ። ከዚያም ክሩን በአንድ እጅ መጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ አንገቱ ከአካሉ በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ተጫኑት፤ በመካከሉ፣ በሰባተኛው ፍሬት አካባቢ፣ ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት ብትኖር መልካም ነው፤ ክሩ ከብረቱ ላይ ከተኛ ወይም ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ካለ ግን ማስተካከያ ያስፈልገዋል። እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ በአንድ ምቱ፤ ሻጩ ቢሰለች ይሰልች። በመጨረሻም መዳፋችሁን በአንገቱ ጠርዝ ላይ አንሸራቱ። በእርጥብ አገር የተሠራ ጊታር የአዲስ አበባን በጋ ሲያገኝ እንጨቱ ደርቆ ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን ባለበት ይቀራል፤ የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ የሚቧጭረው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህኛው በሞረድ ይስተካከላልና አያስደንግጣችሁ።

ስለ ስም ብዙ አልልም። ዛሬ በገበያ ላይ የምታዩት አብዛኛው ጊታር ከሦስት አሮጌ ቅርጾች የተቀዳ ነው፤ እነርሱም የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ቴሌካስተር፣ በ1954 ያስከተለው ስትራቶካስተር እና ሌላው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ጊብሰን በ1952 ያወጣው ሌስ ፖል ናቸው። የፌንደሮቹ ክር ርዝመት 648 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን የሌስ ፖሉ 628 ገደማ ነው፤ ሁለት ሳንቲሜትር ብቻ ብትሆንም አጭሩ ላይ ክሩ ስለሚለሰልስ ድምፅን ጎትቶ ማስለቀስ ይቀላል።

ከቅርጹ ይልቅ የሚያሳስበው ፒክአፑ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል፣ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትወዱት ክራርን የሚያስታውሰው ጥርት ያለ ድምፅ አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ካለው ፒክአፕ፣ ከሲንግል ኮይል፣ ይገኛል፤ ነገር ግን ሲንግል ኮይል በዙሪያው ያለውን የመብራት ሞገድ ሁሉ ይሰበስባል። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ የመሬት ገመዱ በወጉ ባልተዘረጋበት የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ያ እዝዝታ ከዘፋኙ እኩል ይሰማል። ሃምበከር የሚባለው ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ የተፈለሰፈው ይህንን ለማጥፋት ነው፤ ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ተጠቅልለው ጩኸቱን እርስ በርስ ያጣፋሉ፣ የክሩን ድምፅ ግን ይደምራሉ። አንድ ጊታር ብቻ መግዛት ለሚችል ወጣት የእኔ ምርጫ ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ድልድይ) ጋ ሃምበከር፣ ሌሎቹ ሁለት ቦታዎች ላይ ሲንግል ኮይል ያለው ነው፤ እንደ ያማሃ ፓሲፊካ 112 ያለው ማለቴ ነው። ሠርግም ይሠራበታል፣ ስቱዲዮም አያሳፍርም።

ስትሞክሩት የምዕራባውያንን ሶሎ ብቻ አትጫወቱበት፤ አንቺ ሆዬን ሞክሩበት። በዚህ ቅኝት ከመነሻው ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ የሚርቀው አንድ ፍሬት ብቻ ነው፣ በመካከሉም እንደዚሁ ጠባብ እርምጃ አለ፤ ስለዚህ በትዝታ ውስጥ ሊደበቅ የሚችል የሸሸ ድምፅ እዚህ ወዲያው ይጋለጣል። ለማረጋገጥ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን በጣት ጫፍ ነካ አድርጋችሁ ምቱ፣ ቀጥሎም ተጭናችሁ ምቱ። ሁለቱ ካልገጠሙ አብዛኛውን ጊዜ ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ትንሽ ብረት በመግፋት ይስተካከላል። የሚንኮሻኮሽ ቮሊዩም፣ የላላ ጃክ (የገመዱ መሰኪያ) እና የዛገ ክርም እንዲሁ ቀላል ናቸው፤ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙባቸው እንጂ አትሽሹ።

ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ጊታሩ ላይ አታፍስሱ። አንድ አራተኛውን ለአምፕሊፋየር፣ ለትርፍ ክርና ለባለሙያ ማስተካከያ አስቀሩ፤ በሚገባ የተስተካከለ ርካሽ ጊታር ካልተስተካከለ ውድ ጊታር ይሻላል ስል በእጄ ያየሁትን ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ የሌስ ፖል ዓይነት የምታስመጡ ከሆነ በጠንካራ ሳጥን እንዲሆን አሳስቡት፤ የጊታሩ ራስ ወደ ኋላ ያጋደለ ስለሆነ ሲወድቅ የሚሰበረው አንገትና ራስ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ከመክፈሉም በፊት ካሜራውን ከጊታሩ ራስ በኩል አስጠግቶ አንገቱን እስከ ብሪጁ ድረስ የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ እንዲልክላችሁ ለምኑት። እኔም የማየው እሱን ነው።